ተጎታች ቤት የሚጎትት መኪና ከፋብሪካ ምን ይዞ ይውጣ?

አሜሪካ ውስጥ ፒክአፕ ሊገዛ ሻጭ ፊት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው አንድ ቁጥር ነው። «ይኼ 11,000 ፓውንድ ይጎትታል» ይሉታል፤ ወደ 5,000 ኪሎ መሆኑ ነው። ሰውየው ዓይኑን የጣለበት ተጎታች ቤት ሙሉ ጭነቱን ይዞ 7,000 ፓውንድ ይመዝናል። ሂሳቡ ቀላል ይመስላል፤ 4,000 ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቆዳ ወንበሩ፣ ስለ ጣሪያው መስታወትና ስለ ስክሪኑ ስፋት ነው። ዲፈረንሻሉ የቱ ነው፣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ አለው ወይ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስንት ይላል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዋሽንግተን ዙሪያ ወደ ሼናንዶዋ፣ ከዴንቨርና ከኦሮራ ወደ ሮኪ ተራሮች ልጆቹን ጭኖ፣ ቤቱን ከኋላ አስከትሎ መውጣት ለሚያስብ ሰው ገበያው የሚያቀርበው ምርጫ ብዙ ነው። ሁሉም «ቶው ፓኬጅ»፣ «ማክስ ቶው»፣ «ሄቪ ዱቲ ቶው» በሚሉ ስሞች ተጠቅልሎ ይመጣል። በአንዱ ኩባንያ ጥቅል ውስጥ ያለው ዕቃ በሌላው ውስጥ አይገኝም፤ በዚያው ኩባንያም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። እኔ የምመዝንበት መንገድ እንዲህ ነው፦ በኋላ ጋራዥ ወስዶ ማስገጠም የማይቻለው፣ ወይም ቢገጠምም ፋብሪካው የሰጠውን አቅም ከፍ የማያደርገው ነገር አስቀድሞ ይታዘዝ። ነገ ከሱቅ የሚገዛው ዛሬ ቢቀርም አይጎዳም። በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙ ብር የሚያስወጣው ጌጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማንም የማያየው የብረት ሥራ ወደ ላይ ይወጣል።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር

የመጎተት አቅም ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ የሚያወጣው ቁጥር ነበር። ተፎካካሪው 10,000 ካለ 10,400 ከማለት የሚከለክል አልነበረም። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው ኤስኤኢ በ2008 ጄ2807 የተባለ የጋራ መለኪያ አወጣ። ፈተናው ቀልድ አይደለም። አሪዞና ውስጥ ከቡልሄድ ሲቲ አጠገብ ተነስቶ በስቴት መንገድ 68 ሽቅብ የሚወጣ፣ በዴቪስ ግድብ ስም የሚጠራ የ11.4 ማይል ዳገት አለ። መኪናው ሙሉ ተጎታቹን ይዞ፣ ሙቀቱ ቢያንስ 100 ዲግሪ ፋራናይት በሆነበት ሰዓት፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ከ40 ማይል በሰዓት ሳይወርድ ይህን ዳገት መጨረስ አለበት። ከኋላ ጥንድ ጎማ ላላቸው 35 ይፈቀዳል። ከዚህ ሌላ በ12 በመቶ ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ደጋግሞ መነሳት፣ ከዜሮ ተነስቶም በ30 ሴኮንድ ውስጥ 60 ማይል መድረስ ይጠበቅበታል። ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፤ የታንድራም ቁጥር በዚያው ወረደ። የዲትሮይት ሦስቱ፣ ፎርድ፣ ጂኤምና ራም፣ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቆይተው ፒክአፖቻቸውን በዚህ መለኪያ ማውጣት የጀመሩት በ2015 ሞዴል አካባቢ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ የወጣበት ቤተሰብ ነው። በፈተናው መኪናው ውስጥ የሚታሰቡት ሹፌሩና አንድ ተሳፋሪ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ናቸው። ልጆች የሉም፣ ብስክሌት የለም፣ የሥጋ መጥበሻ የለም። ተጎታቹም በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ከክብደቱ 10 በመቶ ብቻ ተደርጎ ነው። ይህን በኳሱ ላይ የሚያርፍ ክብደት ሻጮቹ «ታንግ ዌይት» ይሉታል፤ ተጎታች ቤት ላይ በተግባር ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ከ10 ካነሰ ቤቱ መንገድ ላይ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል።

ነፋስም አለ። 8 ጫማ ስፋትና ከ10 ጫማ በላይ ቁመት ያለው ግድግዳ ነው የሚጎተተው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ55 ወደ 70 ማይል ሲኬድ ግፊቱ ከ60 በመቶ በላይ ይጨምራል። ብዙ የባለቤት መመሪያዎች ነፋስ የሚመታው የተጎታቹ ፊት ከስንት ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ይወስናሉ፤ ሻጭ ይህን ገጽ ገልጦ ሲያሳይ አላየሁም። ጀርመን ያለ ዘመድ «ያው መኪና እዚህ የበለጠ ይጎትታል እኮ» ቢል አይዋሽም። እዚያ ተጎታች ይዞ በአውራ ጎዳና የሚፈቀደው ፍጥነት በመደበኛው 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ልዩ ፈቃድ ካለ 100። የአውሮፓ ተጎታች ቤቶችም በኳሱ ላይ የሚያሳርፉት ክብደት ከአሜሪካዎቹ በጣም ያነሰ ነው። የተለየ ፈተና የተለየ ቁጥር ይሰጣል።

በሩ ላይ ያለው ወረቀት

የሹፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። የጎማ ንፋስ መጠን የሚነግረው ነው። ከላዩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ የተሳፋሪዎችና የጭነት ድምር ከዚህ ፓውንድ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህ ቁጥር ለዚያ ሞዴል በጅምላ የወጣ ሳይሆን ለዚያች አንዲት መኪና፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነዕቃዋ ታስቦ የተጻፈ ነው። ተጎታች ቤት ለሚጎትት ሰው ከማስታወቂያው ቁጥር ይልቅ መጀመሪያ የሚያልቅበት ይኼኛው ነው።

ከላይ ያልነውን ሰው እንውሰድ። ፒክአፑ 11,000 ይጎትታል፤ በሩ ላይ 1,450 ይላል። ለዚህ ክፍል የተለመደ ቁጥር ነው። ቤቱ 7,000 ፓውንድ ሲሆን 13 በመቶው ኳሱ ላይ ካረፈ 910 ፓውንድ ነው። ክብደት የሚያከፋፍለው መጎተቻ ራሱ ወደ 100 ፓውንድ ይመዝናል። 440 ቀረ። ባል 170፣ ሚስት 140፣ ሦስት ልጆች በድምሩ 240 ቢሆኑ 550 ሆኑ። ማቀዝቀዣ ሳጥኑ፣ ጄኔሬተሩ፣ የእንጨት እሽጉ ገና ሳይጫን ቤተሰቡ ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ 110 ፓውንድ አልፏል። ማስታወቂያው ላይ ግን አሁንም 4,000 ፓውንድ «ትርፍ» አለ። ክብደት አከፋፋዩ በትክክል ሲወጠር ከኳሱ ላይ ጥቂቱን ወደ ቤቱ ጎማዎች ይመልሳል፤ ሂሳቡን ግን አይገለብጠውም።

የቤቱ ሻጭ የሚሰጠው የኳስ ክብደትም ብዙ ጊዜ የባዶ ቤት ነው። ባትሪውና የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከፊት በኩል፣ ልክ ከኳሱ ኋላ ይቀመጣሉ። 20 ፓውንድ የሚባለው ሲሊንደር ሲሞላ ከነብረቱ ወደ 37 ፓውንድ ነው፤ ሁለት ናቸው። ውኃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ነው፤ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሞልቶ የተነሳ ሰው 330 ፓውንድ ጨምሯል። ታንከሩ ከቤቱ ጎማ ፊት ከሆነ ክብደቱ ኳሱ ላይ ይታያል።

ሻጩ የማይወደው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። የጣሪያ መስታወት፣ ትልልቅ ቸርኬ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚገባ መርገጫ፣ የሚቀዘቅዝና የሚሞቅ ወንበር ሁሉም ክብደት አላቸው፤ ሁሉም ከዚያችው ወረቀት ላይ ይቀነሳሉ። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሞተር፣ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ፒክአፖች መካከል ውድ የሆነው በብዙ መቶ ፓውንድ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ተጎታች ቤት መጎተት ዋናው ዓላማ ከሆነ መካከለኛውን ትሪም ይዞ የመጎተቻ ጥቅሉን ሙሉ ማዘዝ ከሁሉ የሚያዋጣ ነው። እዚያው ሻጩ ግቢ ውስጥ እየዞሩ በር እየከፈቱ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነውር የለውም። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ሻጩ የጨመረው የኋላ ክዳን ወይም መርገጫ ካለ እሱም ይቀነስ፤ ወረቀቱ አያውቀውም።

በሂሳቡ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ቤቱን ማሳነስ ወይም ወደ ባለ ሦስት ሩብ ቶኑ ክፍል ማደግ። ኤፍ-250፣ ራም 2500፣ ሲልቨራዶ 2500 የመሸከሚያ ሥርዓታቸውም ፍሬናቸውም ሌላ ነው። ናፍጣ ሞተር የሚመርጥ ግን ይህን ይወቅ፦ ሞተሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ ከመሸከም አቅሙ ይበላል፤ በቅንጡ ትሪም ላይ ሲደረብ ያ ሁሉ ግዙፍነት የሚጠበቀውን ያህል አይሸከምም።

ኮፋኖው ሥር

ከፋብሪካ ይታዘዝ የምለው የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ነው። ተጎታች የያዘ መኪና የሚሞተው በሙቀት ነው፤ በተለይ ካምቢዮው። ጥሩ የመጎተቻ ጥቅል ተለቅ ያለ ራዲያተር፣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፣ አንዳንዴም የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣና ጠንከር ያለ ዲናሞ ይዞ ይመጣል። ማቀዝቀዣ በኋላ ማስገጠም ይቻላል፤ ግን ፋብሪካው የመጎተት አቅሙን በዚያ አያሳድግም፤ ካምቢዮው ቢቃጠልም ዋስትናው ላይ ክርክር ይነሳል።

ሁለተኛው ዲፈረንሻሉ ነው። በራም 1500 ላይ 3.21 እና 3.92፣ በኤፍ-150 ላይ 3.31፣ 3.55 እና 3.73 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ብዙ ይዞራል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበትም በዚያው ልክ ያድጋል። ከ3.21 ወደ 3.92 መሄድ 22 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚያው ሞተር የመጎተት አቅሙ በዚህ ብቻ በሺዎች ፓውንድ ሊለያይ ይችላል። በካታሎጉ ጥግ ላይ ተደብቆ የሚገኝ፣ ከቆዳው ወንበር በብዙ የሚረክስ ምርጫ ነው። ኋላ ልቀይረው ያለ ሰው፣ ባለ አራት ጎማ መንጃ ከሆነ የፊቱንም የኋላውንም መቀየር አለበት፤ ዋጋውን ሲሰማ ይተወዋል። ባለ 8 እና ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ከመጣ ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ አንደኛው ማርሽ በጣም አጭር ሆኗል። ዳገት ላይ ግን ቁጥሩ ዝቅ ያለ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ከማርሽ ማርሽ እየዘለለ ሲዋከብ ይታያል።

ኦሮራ ወይም ዴንቨር የሚኖር አንባቢ ለሞተሩ ዓይነትም ማሰብ አለበት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ ወደ 3 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። በኢንተርስቴት 70 ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጣ የሚገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። እዚያ ሲደረስ ከጉልበቱ ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። ተርቦ ያለው አብዛኛውን ያስመልሳል። ፎርድ በ2011 ኤፍ-150 ላይ ባለ 3.5 ሊትር ተርቦ ሞተር ሲያቀርብ ፒክአፕ በ6 ሲሊንደር ምን ሊጎትት ብለው የሳቁ ነበሩ፤ ኮሎራዶ ውስጥ ሳቁ ቶሎ ቆመ።

ዳገቱን መውጣት ግን ግማሹ ነው። በተሳቢ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች የወረደ ሹፌር በፍሬን ብቻ መውረድ ምን እንደሚያመጣ አይነገረውም፤ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ያስይዘዋል። «ቶው ሆል» የሚባለው ቁልፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሲወጣ ማርሹን ቶሎ አይለቅም፤ ሲወርድ ፍሬን ሲነካ ራሱ ወደ ታች ማርሽ ይቀይራል። ናፍጣዎቹ ላይ የጭስ ማውጫ ፍሬን ይጨመርበታል፤ ለከባድ ቤት በረጅም ቁልቁለት ይህን የሚያህል ምቾት የለም።

መጎተቻውና ክብደት አከፋፋዩ

የመጎተቻው ብረት ላይ ራሱ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ አያነበውም። ሁለት ረድፍ ቁጥር ይዟል። አንዱ ቤቱ ዝም ብሎ ኳሱ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላው ክብደት አከፋፋይ ሲገጠም። በብዙ ባለ ግማሽ ቶን ፒክአፖች ላይ የመጀመሪያው 5,000 ፓውንድና 500 የኳስ ክብደት አካባቢ ያቆማል። ማስታወቂያው ላይ ያለው 11,000 የሚሠራው አከፋፋዩ ካለ ብቻ ነው፤ አከፋፋዩ ደግሞ ከመኪናው ጋር አይሸጥም።

ሥራው እንዲህ ነው። 900 ፓውንድ ከኋላው ጎማ ወዲያ ሲንጠለጠል የመኪናው ፊት ይነሳል፤ መሪው ይቀላል፤ የፊት ፍሬን መሬት መያዙ ይቀንሳል። አከፋፋዩ ሁለት ጠንካራ ዘንጎች አሉት፤ ሲወጠሩ ከክብደቱ የተወሰነውን ወደ ፊት ጎማና ወደ ቤቱ ጎማዎች ይገፋሉ። ልኩን ለማግኘት ሜትር ብቻ ይበቃል። ቤቱ ሳይያያዝ ከመሬት እስከ ፊት ጎማ ቅስት ድረስ ይለካል፤ 37 ኢንች ነው እንበል። ቤቱ ኳሱ ላይ ሲወርድ 38 ይሆናል። ዘንጎቹ ሲወጠሩ እንደገና ይለካል። ፎርድ ለኤፍ-150 የተነሳውን ግማሽ ያህል እንዲመለስ ይጠይቃል፤ በምሳሌያችን 37 ተኩል መሆኑ ነው። ሌሎች ኩባንያዎች ሌላ ቁጥር ይሰጣሉ፤ መመሪያው ይታይ። ከመጠን በላይ ማጥበቅም አለ፤ የኋላው ጎማ ይቀልና ዝናብ ላይ ይንሸራተታል። አንዳንድ የአውሮፓ ስሪት ኤስዩቪዎች ደግሞ ይህን ዕቃ ጭራሽ ይከለክላሉ፤ ከመግዛት በፊት የሚነበብ ነገር ነው።

ፍሬን

ከሁሉ በላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይምጣ የምለው የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ ነው። በቤቱ ጎማዎች ውስጥ ያለው ፍሬን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ነው፤ ከመኪናው የሚላክለትን ኤሌክትሪክ ይጠብቃል። ያንን የሚልከው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ናት። ፎርድ በ2005 ሱፐር ዱቲ ላይ ከፋብሪካ ማስገጠም የጀመረ ጊዜ ሌሎቹ ተከተሉት።

ከሱቅ ተገዝቶ የሚገጠመው ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ የፍሬን መብራት እንደበራ ተቆጥሮ በተሰጠው ጊዜ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ሹፌሩ በቀስታ ይርገጥ በኃይል አያውቅም። የተሻለው የመኪናውን መቀነስ በራሱ ሴንሰር ይለካል። የፋብሪካው ግን ፔዳሉ ላይ ያረፈውን ግፊት በቀጥታ ያነባል፤ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ከሚከላከለው ኤቢኤስ ጋርም ይነጋገራል። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው።

አስተካከሉ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሞቅ ባለ ፍሬን ይሠራል። ወደ 20 ማይል ፍጥነት ይነዳል፤ የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የመቆጣጠሪያዋ እጀታ ብቻ ይጨመቃል። ቤቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዘው ይሰማል። ጎማው ተቆልፎ ከጮኸ በመቆጣጠሪያዋ ላይ የተሞላው የኃይል ቁጥር ይቀነስ፤ ምንም ካልተሰማ ይጨመር። ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው ያለው ቦታ ልኩ ነው። ቤቱ ሲጫንና ሲራገፍ ልኩ ስለሚለወጥ ከጉዞ ጉዞ መፈተሽ ያስፈልጋል።

መስመሩ የሚያልፈው በባለ 7 እግር ሶኬት ነው። ባለ 4 እግሩ የኋላ መብራት፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ ከስቶፕ ጋር፣ እና ኔጋቲቭ ብቻ ነው ያለው፤ ፍሬን አያውቅም፣ ባትሪም አይሞላም። ባለ 7 እግሩ የፍሬኑን፣ የባትሪ መሙያውንና የኋላ ማርሽ መብራቱን ይጨምራል። ብዙ ስቴቶች 3,000 ፓውንድ ላይ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ ካሊፎርኒያ ከ1,500 ጀምራ ትጠይቃለች። ቤቱ ቢበጠስ ፍሬኑን ራሱ የሚያስይዝ ቀጭን ገመድም አለ፤ መታሰር ያለበት ከመኪናው አካል ጋር እንጂ ከኳሱ ብረት ጋር አይደለም። ኳሱ ከነብረቱ ሲወጣ ገመዱም አብሮ ይሄዳል።

መወዛወዝ መቆጣጠሪያ የሚባለው ሌላው ጥቅል ዛሬ ብዙ መኪና ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። የመኪና ሚዛን መጠበቂያ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ኩባንያዎቹ ተጎታቹን የሚያይ ፕሮግራም ጨመሩበት። ጠቃሚ ነው። ከኋላ የከበደ ቤትን ግን አይፈውስም፤ ዕቃው ወደ ፊት ካልተጫነ ኮምፒውተር ምንም አያደርግም።

መስተዋትና ካሜራ

ወደ ውጭ የሚሳብ ሰፊ ስፖኪዮ ከፋብሪካ ይታዘዝ፤ የቤቱን ጎን ካላዩ መሥመር መቀየር ቁማር ነው። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 200 ጫማ ወደ ኋላ የሚያሳይ መስተዋት በሕግ ትጠይቃለች።

ካሜራው ሌላ ነገር ነው። ፎርድ በ2016 ኤፍ-150 ላይ በትንሽ ክብ ቁልፍ ተጎታቹን ወደ ኋላ የሚመራ ሥርዓት አወጣ፤ ቁልፉ ቤቱ እንዲሄድ ወደተፈለገበት ይዞራል፣ መሪውን መኪናው ራሱ ይይዛል። ጂኤም በ2020 ከባድ ፒክአፖቹ ላይ ተጎታቹ የሌለ እስኪመስል ከኋላው ያለውን መንገድ የሚያሳይ ካሜራ አቀረበ። ቢያስደንቁም፣ ገንዘብ ካጠረ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚወጡ ናቸው። አዲስ አበባ ጎዳና ዳር «ስበር፣ ስበር፣ መልስ፣ ና፣ ና… በቃ!» እያለ መኪና የሚያስገባ ልጅ የሚሠራውን አንድ የቤተሰብ አባል ከኋላ ቆሞ ይሠራዋል፤ ድምፁ ብቻ ይሰማ። የሚጠቅመኝን አንዱን ምረጥ ብባል የ2021 ኤፍ-150 ይዞት የመጣውን፣ በመኪናውና በኳሱ ላይ ያረፈውን ክብደት ራሱ የሚገምተውን ሚዛን ነበር የምወስደው፤ ከላይ ያለውን ሂሳብ ያሳጥራልና።

የቤተሰብ መኪናዎች

ፒክአፕ የማይፈልግ ብዙ ነው። የማኅበረሰባችን ግቢዎች ውስጥ የሚቆሙት ሲየና፣ ሃይላንደር፣ ፓይለትና ራቭ 4 ናቸው። ሲየና 3,500 ፓውንድ ይጎትታል። ቤንዚን ብቻ የሚጠቀመው ሃይላንደር 5,000 ሲደርስ ሃይብሪዱ 3,500 ላይ ይቆማል። ሆንዳ ፓይለት በአራቱም ጎማ ከነዳ 5,000፣ በሁለቱ ብቻ ከነዳ 3,500 ነው። ራቭ 4 እስከ 2024 ባሉት ሞዴሎች በአብዛኛው 1,500 ሲሆን አድቬንቸር የሚባለው ትሪም 3,500 ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ያው ማቀዝቀዣ ነው። መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ባለ 2 ኢንች መጎተቻ አስገጥሞ «አሁን 5,000 ይጎትታል» ማለት አይቻልም፤ መጎተቻው ይችል ይሆናል፣ መኪናው አልቻለም። 3,500 የሚባል ቤትም ሁለት ሰው የሚተኛበት ትንሽ ሳጥን ነው፤ አምስት ቤተሰብ ይዞ መሄድ ያሰበ ሰው ኤክስፔዲሽን ወይም ታሆ ውስጥ ይገባል። በ2018 የወጣው ኤክስፔዲሽን የከባድ መጎተቻ ጥቅል ከታዘዘለት 9,300 ይደርሳል፤ ካልታዘዘለት ከዚያ በብዙ ያንሳል። መልኩ ግን አንድ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኮቹ አጭር ነው። ጉልበት አያንሳቸውም፤ ኤፍ-150 ላይትኒንግ 10,000፣ ሪቪያን አር1ቲ 11,000 ይጎትታሉ። ከፍ ያለ ቤት ሲይዙ ግን በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት መንገድ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ አብዛኞቹ የቻርጅ ቦታዎችም ተጎታች ይዞ ቀጥ ብሎ ለማለፍ የተሠሩ አይደሉም፤ ቤቱን ፈትቶ መሙላት ይመጣል። ለቅርብ ጉዞ እንጂ አገር ለማቋረጥ ገና ነው።

ያገለገለ የሚገዛ

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነውና ጥቅሉ መኖሩን ማወቂያው ከኋላ የሚታየው ብረት አይደለም። ብረቱ ከሱቅ የተገዛ ሊሆን ይችላል። በሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያውን የዋጋ ወረቀት ማግኘት ይቻላል፤ የኩባንያው ወኪል ቤት ያወጣል። ኤፍ-150 ላይ 53ኤ የመጎተቻ ጥቅሉ፣ 53ሲ ከፍተኛው ነው። በጂኤም ፒክአፖች ላይ ዜድ82 መደበኛው፣ ኤንኤችቲ ከፍተኛው ነው። የፍሬን መቆጣጠሪያዋ ዳሽቦርዱ ላይ ካለች፣ ሶኬቱ ባለ 7 እግር ከሆነ፣ የበሩ ወረቀትም አጥጋቢ ከሆነ ቀሪው ካምቢዮው ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ የቀድሞ ባለቤት ያለ ማቀዝቀዣ ሲጎትት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ከገዙ በኋላ የመጨረሻው ቃል የሚዛን ነው። በከባድ መኪና ማቆሚያዎች ያሉት ካት ስኬል የሚባሉት ሚዛኖች ለግል መኪናም ክፍት ናቸው፤ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን መንገዱን ያሳያሉ። ቤተሰቡ ወንበሩ ላይ፣ ውኃውና ዕቃው በቦታው ሆኖ ይመዘናል፤ የፊት ጎማ በአንዱ ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው፣ የቤቱ ጎማዎች በሦስተኛው ይቆማሉ። ከዚያ ዘንጎቹ ላልተው ድጋሚ፣ በመጨረሻም ቤቱ ተፈትቶ መኪናው ብቻውን። ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ለማግኘት በሁለተኛው ምዘና ከተገኘው የመኪናው የፊትና የኋላ ጎማ ድምር ላይ መኪናው ብቻውን ሲሆን የተገኘው ይቀነሳል። በዚያው ሚዛን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚደገም ምዘና የሚከፈለው ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳይጥሉ ተመልሶ መሰለፍ ነው።